ጋሽ ወንድይራድ የሌለበት ታሪክ

ጋሽ ወንድይራድ ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ቀበርነው፣ ሐሙስ ጠዋት የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍላችን ታሪክ ታትሞ ከናይሮቢ በካርቶን መጣ። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የክፍሉ ጸሐፊ ስለሆንኩ ካርቶን መክፈት፣ ሻይ ማዘዝና የማይሠራውን ፕሪንተር መስደብ የኔ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ገጽ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ባለ ቀለም። ቆሜ አነበብኩት። ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ሪባን የቆረጠው ባለሥልጣን አለ። ወንበር ያቀረበው ነጋዴ እንኳ ከነአባቱ ስም ተጽፏል፤ አጃኢብ እኮ ነው፣ ወንበር! ለዚህ ከተማ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረው ሰው ግን የለም። «ፕሮግራሙ በዩኒቨርሲቲው አመራር ራዕይ ተጠነሰሰ» ይላል። ራዕይ! እኛ ወፍጮ ቤት ጓሮ ዱቄት እየቃምን ስንማር ራዕያችሁ የት ነበረች?

እኔ ስናደድ አላምርም፣ ይህን የሚያነብ ሰው ከወዲሁ ይወቀው። ዩኒቨርሲቲውንም በስሙ አልጠራውም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። እሱ የጋሼን ስም ካልጠራ እኔ የሱን የምጠራበት ምን ዕዳ አለብኝ?

ጋሽ ወንድይራድን ያወቅሁት ኬንያ ውስጥ ዋልዳ ነው፣ የስደተኞች ካምፕ እያለ። አባቴ የወሎ ሰው፣ ወታደር ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ እኔን፣ እናቴንና አንድ ፍራሽ ይዞ ድንበር ተሻገረ። ጋሼ አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ የሠራ፣ በዲግሪ የተመረቀ ሰው ነው። ካምፕ ውስጥ ግን ዲግሪ ምን ያደርጋል? እንደማንኛችንም ለእህልና ለዘይት ይሰለፋል። የዘይቱን ጣሳ ሰው ሁሉ እየጠፈጠፈ በር ይሠራበት ነበር። እሱ አራቱን ጠፍጥፎ አንድ ላይ ቸነከራቸው፣ ጥላሸት ቀባቸውና ከሰልፉ አጠገብ ግንድ ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ በጠመኔ ይጽፍ ጀመር። የትኛው የውሃ ፓምፕ እንደተበላሸ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ ማን ከየት እንደመጣና ማንን እንደሚፈልግ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰልፍ ላይ ቆመን «ዛሬ ምን ይላል?» ትለኛለች፣ እኔ እየተንተባተብኩ አነብላታለሁ። ማንበብ የለመድኩት እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ቆሞ ሲሰማኝ ኖሮ፣ «የመጨረሻዋን መስመር ዘለልሻት» አለኝ።

«ረጅም ናት፣» አልኩት።

«እንግዲያው ጥፋቱ የጸሐፊው ነው» ብሎ ጠመኔውን አነሳና አሳጠራት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትልቅ ሰው በኔ ምክንያት የጻፈውን ሲያጠፋ ያን ቀን አየሁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም።

ካምፑ ሲዘጋ አብዛኛው ሰው ወደ ሌላ ካምፕ ተጫነ። ጥቂቶቻችን እዚህ ኬንያ ሞያሌ ቀረን። እሱም ቀረ። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ በማባቲ፣ በቆርቆሮ ማለት ነው፣ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራየና «ዜና መጻፍ አስተምራለሁ» አለ። ሰው ሳቀበት። በዚህ ከተማ ስኳር፣ ግመልና ሲም ካርድ ይሸጣል፣ ዜና ማን ይገዛል? እሱ ግን አልሸጠውም፤ ያስተማረው በነጻ ነው። ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ የስደተኛው ልጅ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወፍጮው ሲያጓራ ድምፁን አይጨምርም፤ እስኪያቆም ይጠብቃል። ቦረናዎቹ «ባርሲሳ» ይሉታል፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። አንቱ ያለውን ግን ይቆጣ ነበር፣ «ዜና አንቱታ አያውቅም፤ እኔን አንቱ ያልክ ባለሥልጣኑን እንዴት አድርገህ ልትጠይቀው ነው?» እያለ።

የሚጠላው ነገር ወሬ ነው። «እዚህ ድንበር ላይ ስኳሩም ይፈተሻል፣ ፍየሉም ይፈተሻል፣ ወሬ ብቻ ሳይፈተሽ ያልፋል» ይላል። ስለዚህ እሱ ፈታሽ ሆነ። ዜና ይዘህ ስትመጣ ወረቀቱን አያነብም። መጀመሪያ ወደ እግርህ ያያል። «ጫማህን አሳየኝ።» የሞያሌ ቀይ አፈር ጫማህ ላይ ከሌለ ወረቀትህን ሳያነብ ይመልስልሃል። «እግርህ ያልሄደበትን እጅህ አይጻፈው።» በቃ፣ ይህች ናት ትምህርቱ። ገበያ ላይ የሆነ ነገር ካለ ገበያ ትሄዳለህ። ወዲያ ማዶ ኢትዮጵያ ሞያሌ ሰው ሞተ ከተባለ ተሻግረህ ለቅሶ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ትጽፋለህ። የጻፍነው በከብት ገበያው በር ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይሰቀላል። ከሁለቱም አገር የመጣ ነጋዴ ቆሞ ያነባል፣ ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። ግጭት በነበረበት ዓመት እንኳ ሰው «ሰሌዳው ምን አለ?» ሳይል ዱላ አያነሳም ነበር። ይህን ስል አላጋነንኩም፣ ወላሂ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዙ ጉዮ ነው። ከቦሪ፣ ከከብት ጠባቂ ቤተሰብ የመጣ፣ ምላሱ የተባ፣ እጁም ፈጣን። ዛሬ የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ነው፤ አለቃዬ ማለት ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን በደንብ አድምጡ።

ጉዮ አንድ ቀን አንድ ዜና ይዞ መጣ። ተስፋዬ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሁላችንም የምናውቀው፣ ከሶሎሎ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ ሞተ ይላል። ጋሼ ወደ እግሩ አየ። ጫማው በአፈር ተለውሷል። «ሄደህ አየኸው?» «አየሁ።» ወደ ሰሌዳው አሳለፈው። ለካ ጉዮ ወሬውን የሰማው ከአንድ ደላላ ነው፤ ጫማውን ደግሞ እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ አፈር ላይ ሲፈትግ ቆይቶ ነው የገባው።

የተስፋዬ ሚስት ወይዘሮ ጽጌ ወዲያ ማዶ ነው የምትኖረው። ሰሌዳውን ያነበበ ጎረቤት ሮጦ ነገራት። ደረቷን እየደቃች ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ ስትመጣ ፖሊሶቹ እንኳ አላስቆሟትም። ማዶ ቤቷ ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ተስፋዬ መኪናውን እየነዳ መጣ፣ ደጁ ላይ ድንኳን አይቶ «ማን ሞተብኝ?» ብሎ እየጮኸ ወረደ። ሞያሌ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም፤ ጽጌ ባሏን ስታይ ወደቀች፣ ስትነቃ ለአፍታ ሰው አላወቀችም። ወንድሞቿ ዱላቸውን ይዘው «የጻፈው ማነው?» እያሉ መጡ።

ጋሼ ቀድሟቸው ገበያው በር ላይ ነበር። ሰሌዳውን ሙሉ ለሙሉ አጥፍቶ በትልልቁ ጽፏል፤ «ተስፋዬ በሕይወት አለ። ስህተቱ የእኔ ነው። ወንድይራድ።» ከዚያ ራሱ ወደ ጽጌ ቤት ተሻገረ። እኔ ተከትዬው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ» አላት። በጥፊ መታችው። መነጽሩ ተሰበረ። አልተከላከለም። ጉዮ በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከጆንያ ኋላ ተደብቆ ነበር፤ ስሙንም ማንም አላነሳም። ያኔ «ምን ዓይነት ትልቅ ሰው ነው!» ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የክፍሏ ዝና ከሞያሌ አልፎ ሄደ። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በሁለት መኪና መጡ። አግዳሚውን አዩ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አነሱ፣ እጁን ጨበጡት። «ይህን እኛ እንረከበው፤ ቅርንጫፋችን ውስጥ የትምህርት ክፍል ይሆናል፤ አንተም መምህር ትሆናለህ» አሉት። ጋሼ ደስ አለው። በእጁ ጽፎ ያጠራቀመውን የትምህርት ዝርዝር፣ አራት ደብተር፣ እንዳለ አስረከባቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ይኸው ነው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ፤ «ጸሐፊ ስትቀጥሩ ዘይነብን ቅጠሩልኝ፣ አራት ቋንቋ ትችላለች» አላቸው። ዘይነብ እኔ ነኝ። ልጄን ከወለድኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ አባቷ ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ በዚያው ጠፍቷል። ለስድስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የወር ደሞዝ ነው።

መምህር ሊሆን የምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረበት። ዲግሪው በስደት ጠፍቷል፤ የነበረችው በላስቲክ የጠቀለላት አንዲት በአማርኛ የተጻፈች፣ ማኅተም ያለባት የምስክር ደብዳቤ ናት። ከቢሮው ሠራተኛ ሁሉ አማርኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ፎርሙን እንድሞላ ተሰጠኝ። ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ተላከ።

ከሁለት ወር በኋላ በታሸገ ፖስታ መልስ መጣ። የያኔው አስተባባሪ ፖስታውን ለራሱ ለጋሼ በእጁ ሰጠው። ጋሼ የኔ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ አነበበ። ረጅም ጊዜ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሕፃኗ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት፣ ጥርስ ልታበቅል ነው መሰለኝ ታለቅሳለች። ምን ይላል ደብዳቤው?»

«አልሆነም ይላል» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። «የባርሲሳ ዲግሪ ፎርጅድ ነው!» የትላንት ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ይስቁ ጀመር። እኔስ? እኔ ደግሞ ለአፌ ያህል ተሟገትኩ፣ በልቤ ግን «ምናልባት እውነት ይሆን?» አልኩ። አዎ፣ እኔ ጠረጠርኩት። ስደተኛ ሲፈራ ምን የማያደርገው አለ እያልኩ። እሱ ከጉምሩኩ ግቢ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ፤ ለሾፌሮች፣ ለመንገደኞች፣ ወደ ደቡብ ለሚያልፉ ልጆች ፎርም ይሞላል። እኔ እንዳላየው በሌላ መንገድ እዞር ነበር። በኋላ፣ ዓመት ሲያልፍ፣ አፍሬ ተመለስኩ፤ ሻይ አብረን መጠጣት ጀመርን። አንዴም አልወቀሰኝም። አንድ ነገር ብቻ እታዘበው ነበር። ፎርም ሊያስሞላ የመጣውን ሾፌር ሁሉ ስሙን ሳይጠይቅ በፊት «ዓመተ ምሕረቱ የኛ ነው የፈረንጅ?» ይለዋል። የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

እና ሐሙስ ዕለት መጽሔቱን ይዤ፣ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ፣ ጉዮ ቢሮ ገባሁ።

«መጣ እንዴ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ፎቶዬ እንዴት ወጣ?»

«አምሮብሃል። ጋሽ ወንድይራድ የታለ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ዘይነብ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ቤትሽ ሄደሽ ብታርፊ…»

«ሐዘን ላይ አይደለሁም፣ ንዴት ላይ ነኝ። ሰውየው የታለ?»

«ጽፌ ልኬ ነበር። ዋናው ግቢ ቆረጠው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል? ፋይል አለው። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው የፕሮግራሙ መሥራች ነው ብለን ማተም አንችልም አሉ። ፋይል ፋይል ነው፣ እህቴ።»

«ተስፋዬን ከነሕይወቱ የቀበርከው አንተ! ጆንያ ኋላ ተደብቀህ! ያን ቀን ስምህን ቢጠራው ኖሮ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር? ከብት ትጠብቅ ነበር፣ እሱንም ከተዉህ!»

ፊቱ ጠቆረ። ከመቀመጫው ተነስቶ የብረት መሳቢያውን ከፈተ፤ የዚያ መሳቢያ ቁልፍ ከአስተባባሪ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እንቺ! አንብቢ። እኔ የፈጠርኩት ከመሰለሽ አንብቢ።»

አነበብኩ። ዋናው ግቢ የላከው ደብዳቤ አጭር ነው። አመልካቹ በመታወቂያው ላይ ካለው የትውልድ ዓመት ጋር ሲሰላ ዲግሪውን ያገኘው በአሥራ አራት ዓመቱ ይሆናል፤ ይህ ሊሆን ስለማይችል ሰነዱ ሐሰተኛ ነው። ከሥሩ ፎርሙ ተያይዟል። የእጅ ጽሑፉን ሳየው መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም። ከዚያ አወቅሁት። የኔ ነው።

የትውልድ ዓመቱን የገለበጥኩት ከኬንያ መታወቂያው ነው፤ የፈረንጅ ነው። የተመረቀበትን ዓመት የገለበጥኩት ከአማርኛው ደብዳቤ ነው፤ የኛ ነው። ስምንት ዓመት ዘልያለሁ። ሰውየው የተመረቀው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚህ ድንበር ላይ አድጌ፣ በቀን አሥር ጊዜ ሁለቱን ዘመን ሳቀያይር የምውል እኔ፣ ያን ቀን እንዳለ ገለበጥኩት። ከታች «ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ዘይነብ። ፊርማ።

ጉዮ የሆነ ነገር እያለኝ ነበር። አልሰማሁትም። ፎርሙን እንደያዝኩ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ የተከራየባት ግቢ ባለቤት ሐዎ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት የቦረና ሴት፤ በመጨረሻው ሕመሙ ውሃ ያጠጣችው እሷ ናት። የዚያኑ ቀን ሄድኩ። «ባርሲሳ ወረቀት እንጂ ዕቃ አልነበረውም» አለችና ሳጥኑን አወጣችልኝ። አማርኛዋ ደብዳቤ በላስቲኳ እንዳለች አገኘኋት። ከሥሯ እሱ ለዩኒቨርሲቲው የጻፈው ይግባኝ አለ። ሁሉ ነገር ተጽፏል፤ የሁለቱ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት፣ ስሌቱ፣ ማስረጃው። ልጅ እንኳ የሚገባው ነው። ይግባኝ ለማቅረብ ሠላሳ ቀን እንደተሰጠውም ጠቅሷል። ከዚያ «ስህተቱ የተፈጸመው ፎርሙን በተረጎመችው» ይልና ይቆማል። ሰርዞታል። እንደገና ጀምሮ እንደገና ሰርዞታል። ከግርጌው በእርሳስ እንዲህ ይላል፤ «ዘይነብ የሙከራ ጊዜዋን እስክትጨርስ ይቆይ።»

ለሙከራዬ አራት ወር ይቀረው ነበር። ለይግባኙ ሠላሳ ቀን። ይህን ስሌት ከኔ በላይ ያውቃል።

ሐዎ ሳጥኑ ላይ ተደፍቼ ስጮህ ለሟቹ ያለቀስኩ መስሏት ጀርባዬን ትመታኛለች፣ «ጽኚ፣ ጽኚ፣ ሁላችንም ሟች ነን» እያለች። እኔ ግን እያለቀስኩ አልነበረም፤ እየተሳደብኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ወረቀት ጉዮ ፊት ዘረጋሁለት። በጣቱ እየቆጠረ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ማን አየው?» አለኝ።

«እኔና አንተ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ይሄ ከወጣ የሚባረረው ሙት አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ትክክል ነው ብለሽ ፈርመሻል። ልጅሽ ትምህርት ቤት ናት። ጋሼን ደግሞ ከእንግዲህ የሚጎዳው ነገር የለም። እሱ ራሱ የፈለገው ይሄንን አይደለም እንዴ?»

የሚገርመው፣ ልቤ ለአፍታ ተስማማ። ዋሽቼ ምን ላተርፍ፤ የልጄ ፊት ድቅን አለብኝ። እሺ ብዬ ልወጣ ነበር። ግን ጉዮ ይህን ሲለኝ ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ፣ ያ እፎይታ አሳበደኝ። ለካ የፈራው ለኔ ብቻ አይደለም። የኔ ክር ከተመዘዘ የሱም፣ የተስፋዬ ነገር፣ ይመዘዛል።

ቅዳሜ የምሥረታው በዓል ነው። እንግዶች ከናይሮቢ መጥተዋል፣ የአካባቢው አስተዳዳሪ ቺፉ አለ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ አዳራሹ ሞልቷል። መጽሔቱን በር ላይ ቆማ የምታድል እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ፣ ስሰድበው የኖርኩት ፕሪንተር ባንድ ጊዜ ታዘዘልኝ፤ አንዲት ገጽ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ አትሜ በእያንዳንዱ መጽሔት ውስጥ ከተትኩ። «ጋሽ ወንድይራድ ሐሰተኛ ሰነድ አላቀረበም። ዓመተ ምሕረቱን ሳልቀይር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ትምህርት በዚህ ከተማ የጀመረው እሱ ነው። ዘይነብ፣ የክፍሉ ጸሐፊ።» ከጀርባው አማርኛዋን ደብዳቤ ኮፒ አድርጌ አስገባሁ።

ጉዮ ሲገባ አንዱን ሰጠሁት። ገልጦ አነበበ።

«አውጪያቸው፣» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«አንተ አውጣቸው። ሰው እያየህ።»

አላወጣቸውም። ገባ። ንግግሩን ከወረቀት ላይ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ራዕዩንም ወንበሩንም። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ገጿን እየተቀባበሉ ማጉረምረም ሲጀምሩ ላቡን ጠረገና «ይህን ትምህርት ያስጀመረን ባርሲሳ ወንድይራድ ነው፣ ዓሣ ከውሃ እንደማይወጣ እኛም ከእሱ…» ብሎ ተምታታበት፣ ተቀመጠ። ስሙን ግን ጠራ። ስለ ተስፋዬ ትንፍሽ አላለም። ጉዮ ይሄ ነው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ጫማውን ያራግፋል።

ሰኞ የእግድ ደብዳቤዬ ደረሰኝ። ጉዳዬ በኮሚቴ እየታየ ነው። ኮሚቴው ውስጥ አንዱ፣ ጥሩ ሰው ይመስላል፣ «ሰውየው ካወቀ ለምን ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለልጄ ወተት» አልኩት። አንገቱን ደፋ፣ ሌሎቹም አልጻፉትም። የጋሼ ስም በሁለተኛው እትም ይገባል ብለዋል፤ እስካይ ድረስ አላምንም። እኔ ብባረር ከጉምሩኩ ግቢ አጠገብ ያለችው የጋሼ ቦታ እስካሁን ባዶ ናት።

ሰው «ምን ያለ ቅዱስ ነበር!» እያለ ቤቴ ይመጣል። ቅዱስ? ኧረ ተዉኝ! እኔ ተናድጄበታለሁ። ጋሼ፣ የኛን ስህተት እየተሸከምክ ጉዮንም እኔንም ፈሪ አደረግኸን። እሱ ጥፊውን ቢቀምስ ኖሮ ዛሬ ሰው ይሆን ነበር። እኔስ ሥራዬን ባጣ ምን እሆን ነበር? እራብ ይሆናል። የዋልዳ ልጅ ነኝ፣ ረሃብ አዲሴ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምህን እየበላሁ እንደኖርኩ ሳላውቅ፣ ያንኑ ስምህን እየጠረጠርኩ፣ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ስንት ሺህ ብርጭቆ? አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ቀን አንዱን፣ «ዘይነብ፣ ተሳስተሻል» ብትለኝ ምን ነበረበት?